በአንድ አድራሻ ብዙ አገልግሎት፦ ቀላል ሪቨርስ ፕሮክሲና የአገልግሎት መዝገብ ለወረዳ መሥሪያ ቤቶች

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ጉንደ ወይንን በመሰሉ ከተሞች የመሬት ይዞታ፣ የወሳኝ ኩነትና የግብር መረጃ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ሲሸጋገር አብሮ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ባለሙያው የሚፈልገው አገልግሎት በየትኛው ሰርቨር ላይ እንደሚገኝ፣ ያ ሰርቨር ቢበላሽ ወይም ቢቀየር ደግሞ ሥራው በምን መንገድ ሳይቋረጥ እንደሚቀጥል የሚመለከት ነው።

ጥያቄው የቴክኒክ ቢመስልም ውጤቱ የሚታየው በባለጉዳዩ ላይ ነው። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ተጉዞ የይዞታ ማረጋገጫ ሊወስድ የመጣ አርሶ አደር "ሲስተም የለም" ተብሎ ሲመለስ የአንድ ቀን ጉልበቱ ይባክናል። አንዳንድ ጊዜ መረጃው ሳይጠፋና አገልግሎቱን ሊሰጥ የሚችል ሌላ ሰርቨር እያለ፣ የባለሙያው ኮምፒዩተር የሚጠይቀው የተዘጋውን አድራሻ ብቻ በመሆኑ ሥራ ይቆማል። ሪቨርስ ፕሮክሲና የአገልግሎት መዝገብ የተሰኙት ሁለት አሠራሮች የተፈጠሩት ይህን ችግር ለማቃለል ነው።

አሠራሩ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚታወቀው የመዝገብ ቤት ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ለመሥሪያ ቤቱ የሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉ በቅድሚያ ለመዝገብ ቤት ይደርሳል። መዝገብ ቤቱ ቁጥር ሰጥቶና ቀን ጽፎ ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። ክፍሉ ከምድር ቤት ወደ ሁለተኛ ፎቅ ቢዛወር ወይም ኃላፊው ቢቀየር ደብዳቤ የጻፈው ሰው ማወቅ አይጠበቅበትም። የለውጡን ወሬ ማወቅ ያለበት መዝገብ ቤቱ ነው። በኮምፒዩተር ኔትወርክ ውስጥ የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ቦታ የሚይዘው ሪቨርስ ፕሮክሲ ሲሆን፣ የትኛው ክፍል የት እንዳለ የሚያሳየው ዝርዝር ደግሞ የአገልግሎት መዝገብ ነው።

የወረዳኔት ትሩፋት

በኢትዮጵያ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር በኔትወርክ የማገናኘት ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በወረዳኔት ፕሮጀክት ነው። ወረዳኔት 600 ገደማ ወረዳዎችን በአብዛኛው በሳተላይት መቀበያ አማካይነት በማገናኘት የቪዲዮ ስብሰባ፣ የኢንተርኔትና የመልእክት አገልግሎት እንዲያገኙ ያስቻለ ነበር። በተመሳሳይ ወቅት የተዘረጋው ስኩልኔት ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርትን በሳተላይት እንዲከታተሉ አድርጓል።

ከዚያ ወዲህ ሁኔታው ተለውጧል። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ከተቋቋመ በኋላ የመሬት ላይ መስመሮችና የሞባይል ኢንተርኔት ተስፋፍተዋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ ሰነዶችን ሕጋዊ መሠረት ያስያዘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ የመንግሥት አገልግሎቶች ወደ ዲጂታል እንዲሸጋገሩ አቅጣጫ አስቀምጧል። የገጠር መሬት መረጃን በወረዳ ደረጃ ለመመዝገብና ለማስተዳደር የሚያገለግል ብሔራዊ የመረጃ ሥርዓትም ተዘጋጅቷል። በወረዳኔት ዘመን ከማዕከል የሚመጣውን ተቀባይ ብቻ የነበረው የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የራሱን ሰርቨር ይዞ ለሌሎች አገልግሎት ወደመስጠት ተሸጋግሯል ማለት ይቻላል። የአድራሻ ጉዳይ ክብደት ያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሪቨርስ ፕሮክሲ ምንድን ነው?

ፕሮክሲ በሁለት ወገን መካከል ቆሞ መልእክት የሚያቀባብል ሶፍትዌር ነው። የተለመደው ፕሮክሲ የሚቆመው በተጠቃሚዎች በኩል ሲሆን፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ወደ ኢንተርኔት ሲወጡ እነርሱን ወክሎ ይጠይቃል። ሪቨርስ ፕሮክሲ በተቃራኒው የሚቆመው በሰርቨሮቹ በኩል ነው። ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ከኋላው ካሉት ሰርቨሮች ለአንዱ ያስተላልፋል፤ መልሱንም ተቀብሎ ለጠያቂው ይመልሳል። ጠያቂው የሚያውቀው የፕሮክሲውን አድራሻ ብቻ ነው።

ለዚህ ተግባር በስፋት ከሚታወቁት ሶፍትዌሮች አንዱ በሩሲያዊው ባለሙያ ኢጎር ሲሶየቭ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ የቀረበው ኤንጂንኤክስ ነው። ሶፍትዌሩ የተሠራው በአንድ ሰርቨር 10,000 ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ የማስተናገድን ችግር ለመፍታት ነበር። አዘጋጆቹ እንደሚገልጹት ሥራ ላይ ያልሆኑ 10,000 ክፍት ግንኙነቶች የሚፈጁበት የማስታወሻ መጠን 2.5 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። በመሆኑም አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሳይቀር ያለ ችግር ይሠራል። ፈረንሳዊው ዊሊ ታሮ ያዘጋጀው ኤችኤፕሮክሲ እና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ትራፊክ የተሰኘው ሶፍትዌርም ለተመሳሳይ ዓላማ ይውላሉ። ሦስቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው።

የአገልግሎት መዝገብ ለምን አስፈለገ?

ሪቨርስ ፕሮክሲ ብቻውን ሲተከል ከኋላው ያሉትን ሰርቨሮች አድራሻ የሚያነበው ባለሙያ በእጁ ከጻፈው ፋይል ነው። ሰርቨሮቹ ጥቂትና ቋሚ ከሆኑ ይህ በቂ ነው። ችግር የሚፈጠረው ቁጥራቸው ሲበዛ፣ አድራሻቸው ሲቀያየር ወይም ፋይሉን የሚያውቀው አንድ ባለሙያ ብቻ ሆኖ እርሱ በሥልጠና ወይም በዝውውር ምክንያት በቦታው ሳይኖር ሲቀር ነው።

የአገልግሎት መዝገብ ይህን የእጅ ሥራ ይተካል። አንድ አገልግሎት ሥራ ሲጀምር ስሙን፣ የአይፒ አድራሻውንና የፖርት ቁጥሩን ለመዝገቡ ያሳውቃል። ከዚያም በየጊዜው "አለሁ" የሚል አጭር መልእክት ይልካል። በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ መልእክቱ ካልደረሰ መዝገቡ ስሙን ይሰርዘዋል። ሪቨርስ ፕሮክሲው ደግሞ መዝገቡን እየተከታተለ ጥያቄ የሚልከው በዝርዝሩ ውስጥ ላሉት ብቻ ይሆናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 በፖል ሞካፔትሪስ የተነደፈው ዲኤንኤስ ስምን ከአድራሻ ጋር የሚያገናኝ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ዲኤንኤስ ከአይፒ አድራሻ በተጨማሪ የአገልግሎቱን ፖርት እንዲያመለክት የሚያስችል ደንብ ወጣ። በኋላ ላይ የመጡት እንደ ኤትሲዲ (2013) እና ኮንሱል (2014) ያሉት ሶፍትዌሮች የጨመሩት ፈጣን ምዝገባን፣ የጤንነት ምርመራንና በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚጠበቅ አንድ ወጥ ዝርዝርን ነው።

ከምርጫው በፊት የፈቃድ ሁኔታን ማየት ተገቢ ነው። ኤትሲዲ በክፍት ሶፍትዌር ፈቃድ የሚሰራጭ ሲሆን፣ የኮንሱል ባለቤት የሆነው ኩባንያ ግን በነሐሴ ወር 2023 (እ.ኤ.አ.) በአዳዲስ ዕትሞቹ ላይ ገደብ ያለው የንግድ ፈቃድ ተግባራዊ አድርጓል። ገደቡ በዋናነት የሚመለከተው ምርቱን ለሽያጭ የሚያቀርቡ ተወዳዳሪዎችን ቢሆንም፣ የመንግሥት ተቋም ከመጠቀሙ በፊት ፈቃዱን ማንበብ ይኖርበታል።

የአተካከል ቅደም ተከተል

ለማሳያነት አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የመሬት፣ የወሳኝ ኩነትና የገቢ አገልግሎቶችን በሦስት ኮምፒዩተሮች ላይ ያስኬዳል እንበል። የመሬት አገልግሎቱ በሁለቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ተደግሞ ይሠራል፤ ሁለቱም የሚጽፉት በአንድ የመረጃ ቋት ላይ ነው። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊከናወን ይችላል።

በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የማይለወጥ ስም ይሰየማል። ስሙ የኮምፒዩተሩን ወይም የክፍሉን ሳይሆን የሥራውን ዓይነት የሚገልጽ መሆን አለበት። ኮምፒዩተር ይቀየራል፣ ክፍል ይዛወራል፣ የሥራው ስም ግን ይቆያል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አገልግሎት ስለ ጤንነቱ የሚጠየቅበት የተለየ ገጽ ይዘጋጃል። ገጹ መልስ መስጠት ያለበት ፕሮግራሙ መከፈቱን ብቻ በማየት አይደለም። የመሬት አገልግሎቱ ተከፍቶ ከመረጃ ቋቱ ጋር መገናኘት ካልቻለ ለባለጉዳዩ ዝግ ነው። በመሆኑም ገጹ ከመረጃ ቋቱ አንድ ትንሽ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ሲያገኝ ብቻ "ደህና ነኝ" ማለት ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ መዝገቡ ይተከላል። ኤትሲዲና ኮንሱል ዝርዝሩን በተለያዩ ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ዓይነት አድርገው የሚጠብቁት በአብላጫ ድምፅ ስምምነት ነው። ሦስት አባላት ካሉ አንዱ ቢጠፋ ሥራው ይቀጥላል፤ አምስት ካሉ የሁለት መጥፋት አይጎዳም። ሁለት አባላት ብቻ ማድረግ ግን ጥቅም የለውም፤ አንዱ ሲጠፋ የቀረው አብላጫ ስለማይሆን ምዝገባ ይቆማል። ስለዚህ የአባላቱ ቁጥር ጎዶሎ እንዲሆን ይመከራል።

አራተኛ፣ አገልግሎቶቹ ራሳቸውን እንዲያስመዘግቡ ይደረጋል። ለአብነት "አለሁ" የሚለው መልእክት በየ10 ሰከንዱ እንዲላክ፣ የምዝገባው ዕድሜ ደግሞ 30 ሰከንድ እንዲሆን ቢወሰን፣ አንድ ሰርቨር ድንገት ሲጠፋ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ የሚቆየው ቢበዛ ለ30 ሰከንድ ይሆናል። አገልግሎቱ ለጥገና ሆን ተብሎ ሲዘጋ ግን ጊዜው እስኪያልፍ ሳይጠበቅ በቅድሚያ ከመዝገቡ መሰረዝ አለበት።

አምስተኛ፣ ሪቨርስ ፕሮክሲው ከመዝገቡ ጋር ይገናኛል። ትራፊክ የተሰኘው ሶፍትዌር መዝገቡን በቀጥታ ያነባል። በኤንጂንኤክስ ሲሠራ የተለመደው መንገድ መዝገቡን የሚከታተል ትንሽ ፕሮግራም አዲስ የአድራሻ ፋይል እንዲጽፍ፣ የፋይሉ አጻጻፍ ትክክል መሆኑ እንዲፈተሽ፣ ከዚያም ፕሮክሲው ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ ማድረግ ነው። ኤንጂንኤክስ በዚህ ጊዜ ሥራውን አያቋርጥም፤ አዲሶቹ ጥያቄዎች በአዲሱ ዝርዝር ሲስተናገዱ በእጅ ላይ ያሉት በአሮጌው እስኪያልቁ ይጠበቃሉ።

በዚህ ደረጃ ሊዘነጋ የማይገባው መዝገቡ ራሱ ሲጠፋ የሚሆነው ነው። መዝገቡ መልስ ካልሰጠ ወይም ባዶ ዝርዝር ከላከ ፕሮክሲው የመጨረሻውን የታወቀ ዝርዝር ይዞ መቀጠል አለበት። ይህ ካልተደረገ ሰርቨሮቹ ሁሉ ደህና ሆነው ሳለ በመዝገቡ መበላሸት ብቻ ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ያቆማል።

ስድስተኛ፣ ፕሮክሲው የራሱ ምርመራ እንዲኖረው ይደረጋል። ኤችኤፕሮክሲ ምርመራ ሲታዘዝ ካልተለወጠ በቀር በየ2 ሰከንዱ ይመረምራል፤ ሦስት ጊዜ ተከታታይ መልስ ሲያጣም ሰርቨሩን ከሥራ ያግዳል። ኤንጂንኤክስ በበኩሉ በሥራ ላይ ያጋጠመውን ስህተት ቆጥሮ ሰርቨሩን ለጊዜው ያገልላል፤ በመነሻ ሁኔታው አንድ ስህተት ለ10 ሰከንድ ያህል ለማግለል በቂ ነው።

መለወጥ ያለባቸው መነሻ ቁጥሮች

ሶፍትዌሮቹ ሲመጡ ይዘዋቸው የሚመጡ አንዳንድ ቁጥሮች ለወረዳ ሥራ አይስማሙም። ኤንጂንኤክስ ከኋላው ካለው ሰርቨር ጋር ለመገናኘት እስከ 60 ሰከንድ ይጠብቃል። ሌላ ሰርቨር እያለ ባለጉዳይን አንድ ደቂቃ ማቆም ስለማያስፈልግ ወደ ጥቂት ሰከንዶች ዝቅ ማድረግ ይገባል።

ኤንጂንኤክስ ከተጠቃሚ የሚቀበለው የፋይል መጠን ደግሞ በመነሻው 1 ሜጋባይት ብቻ ነው። በስካነር የተነሳ የይዞታ ሰነድ ከዚህ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ገደቡ ከፍ ካላለ ባለሙያው ቁጥር 413 የተባለውን የስህተት መልእክት ያገኛል። ብልሽቱ ከመሬት መረጃ ሥርዓቱ የመጣ ይመስላል እንጂ ምንጩ ፕሮክሲው ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ድጋሚ የመላክ ጉዳይ ነው። አንድ ሰርቨር መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ፕሮክሲው ያንኑ ጥያቄ ለሌላው ሊልክ ይችላል። ጥያቄው መረጃ ለማየት ብቻ ከሆነ ጉዳት የለውም። አዲስ ይዞታ ወይም ክፍያ ለመመዝገብ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ሰርቨር መዝግቦ መልሱ በመንገድ ላይ የቀረ ሊሆን ስለሚችል አንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ኤንጂንኤክስ ለሰርቨር የተላከን የምዝገባ ጥያቄ በመነሻ ሁኔታው ለሌላ ሰርቨር አይደግምም። ይህ ጥበቃ "ስህተት ይቀንሳል" በሚል ምክንያት መነሳት የለበትም።

የሳተላይት መስመርና የጊዜ ስሌት

መዝገቡ የት ይቀመጥ የሚለው ውሳኔ ከመስመሩ ዓይነት ጋር ይያያዛል። በወረዳኔት ዓይነት ግንኙነት የሚያገለግሉት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ቢጓዝም ወጥቶ ለመውረድ 0.24 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ መልሱ ተመሳሳይ መንገድ ስለሚጓዝ የደርሶ መልሱ ጊዜ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋል። ሁለት ወረዳዎች በማዕከላዊው ጣቢያ በኩል ሲገናኙ ደግሞ እጥፍ ይሆናል።

ኤትሲዲ በመነሻ ሁኔታው አባላቱ በየ100 ሚሊ ሰከንዱ መልእክት እንዲለዋወጡ፣ ለ1,000 ሚሊ ሰከንድ መሪው ካልተሰማ ደግሞ አዲስ መሪ እንዲመረጥ ያዛል። የምርጫው ጊዜ ከደርሶ መልሱ ጊዜ ቢያንስ 10 እጥፍ እንዲሆን ስለሚመከር፣ በሳተላይት ለሚገናኙ አባላት ወደ 5,000 ሚሊ ሰከንድ ማሳደግ ያስፈልጋል። መነሻው ሳይለወጥ ቢቀር አባላቱ ደህና የሆነውን መሪ እየሻሩ በተደጋጋሚ ምርጫ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ።

የተሻለው መፍትሔ የመዝገቡን አባላት በአንድ ጽሕፈት ቤት ወይም በአንድ ከተማ ኔትወርክ ውስጥ ማኖር ነው። የመዝገቡ አባላት በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ብቻ ካሉ፣ የረጅሙ መስመር መቋረጥ በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ኮምፒዩተሮችን ጭምር ያለያያቸዋል። ለክልሉና ለፌዴራል መላክ ያለበት መረጃ መስመሩ ሲመለስ ሊተላለፍ ይችላል። የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ባለበት አካባቢ ደግሞ ፕሮክሲው፣ መዝገቡና የኔትወርክ ማከፋፈያው በመጠባበቂያ ባትሪ ላይ መሆን አለባቸው። ሰርቨሩ በባትሪ ሠርቶ ማከፋፈያው ከጠፋ ሁሉም እንደጠፋ ይቆጠራል።

ማን ይመዝገብ?

በመዝገቡ ላይ ስሙን ማስፈር የቻለ ኮምፒዩተር የባለጉዳዮችን ጥያቄ ይቀበላል። ስለሆነም መዝገቡ ለማንኛውም ኮምፒዩተር ክፍት ከሆነ፣ አንድ ሰው "የመሬት አገልግሎት ነኝ" ብሎ በማስመዝገብ የአርሶ አደሮችን የይዞታ መረጃ ወደ ራሱ ኮምፒዩተር ሊያስገባ ይችላል። ይህን ለመከላከል እያንዳንዱ አገልግሎት የተለየ የይለፍ ቁልፍ እንዲኖረውና ከራሱ ስም በቀር ሌላ እንዳይጽፍ መከልከል፣ የመዝገቡ ፖርቶችም ከውጭ ኔትወርክ እንዳይታዩ ማድረግ ያስፈልጋል። ኤትሲዲ በ2379 እና በ2380፣ ኮንሱል ደግሞ ከሌሎች ፖርቶች ጋር በ8500 እና በ8600 ይሠራሉ። ለሕዝብ መከፈት ያለበት የሪቨርስ ፕሮክሲው 443 ቁጥር ፖርት ሲሆን፣ ግንኙነቱም የተመሰጠረ መሆን ይኖርበታል።

ሌላው ጉዳይ የጠያቂው ማንነት ነው። ጥያቄዎች ሁሉ በፕሮክሲው በኩል ስለሚያልፉ ከኋላ ያለው ሰርቨር የሚያየው የፕሮክሲውን አድራሻ ብቻ ነው። በአንድ ይዞታ ላይ ለውጥ ያደረገው ሰው ከየትኛው ኮምፒዩተር እንደሠራ በኋላ ለማጣራት እንዲቻል ፕሮክሲው የጠያቂውን እውነተኛ አድራሻ ከጥያቄው ጋር ማሳለፍ አለበት። ሰርቨሩም ይህን ማስታወሻ ማመን ያለበት ከፕሮክሲው ሲመጣ ብቻ ነው፤ ማንኛውም ሰው የሐሰት አድራሻ ጽፎ ሊልክ ይችላልና።

እነዚህ ጥንቃቄዎች ከባለሙያ ምርጫ ያለፉ ናቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን የሚይዙ ተቋማት ለመረጃው ደኅንነት ኃላፊነት እንዳለባቸው ይደነግጋል።

ከመጀመር በፊት

አሠራሩ ለሁሉም መሥሪያ ቤት አስፈላጊ ነው ማለት አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ሰርቨር ብቻ ያለው ጽሕፈት ቤት አድራሻዎቹ በእጅ በተጻፉበት አንድ ሪቨርስ ፕሮክሲ ሥራውን ሊያከናውን ይችላል። መዝገብ ሲጨመር የሚጠበቁት መሣሪያዎች ቁጥር ይጨምራል፤ የሚያስተዳድራቸው ባለሙያም ያስፈልጋል። ፕሮክሲው ራሱ ብቸኛ መግቢያ በመሆኑ እርሱ ሲበላሽ ሁሉም እንዳይቆም፣ አቅሙ ሲፈቅድ አንድ አድራሻ በጋራ የሚይዙ ሁለት ፕሮክሲዎችን መትከል ይመከራል።

በመጨረሻም የተከላው ሥራ ተጠናቀቀ የሚባለው ሲሞከር ነው። ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት ከሁለቱ የመሬት ሰርቨሮች የአንዱን የኔትወርክ ገመድ ነቅሎ አገልግሎቱ በሌላው መቀጠሉን፣ ገመዱ ሲመለስም ሰርቨሩ ራሱን እንደገና ማስመዝገቡን ማረጋገጥ ይገባል። ከዚያም መዝገቡን አጥፍቶ ፕሮክሲው በመጨረሻው ዝርዝር መሥራቱን ማየት ያስፈልጋል። የአገልግሎቶቹ ስም፣ አድራሻና የሙከራው ቅደም ተከተል በአማርኛ ተጽፎ በጽሕፈት ቤቱ ፋይል ውስጥ ሲቀመጥ፣ ባለሙያው ቢዛወር እንኳ ተተኪው ሥራውን ካቆመበት ለመቀጠል ይችላል።